በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ከአንገት የጨረር ሕክምና በኋላ ስለሚደክመው ዕጢ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። በአንዱ መከራ ላይ ሌላው ሲደረብ ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ተረቱን ቃል በቃል የሚነካ ነው። ሰውየው በራስና በአንገት አካባቢ ካንሰር ይይዘዋል፤ ጨረር ይሰጠዋል፤ ይድናል፤ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የእንቅርት ዕጢው፣ ማለትም ታይሮይዱ፣ ቀስ እያለ ሥራ ያቆማል። ልዩነቱ ይኸኛው እንቅርት የማያብጥ መሆኑ ነው። ስለማያብጥም የሚያየው የለም።

ውድ አንባቢዎች፣ ርእሱን የመረጥኩት የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ነው። ስለ ጨረር ሕክምና የጎንዮሽ ጉዳት ስንማር የአፍ መቁሰሉ፣ የምራቅ መድረቁ፣ የቆዳው መቃጠል፣ የጥርስ መበላሸቱ ሁሉ በሰፊው ተነግሮናል። ታይሮይድ ግን በአንዲት መስመር ነው የታለፈችው። መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ መስመሯ ብታንስም ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። በሽታው ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በምትዋጥ አንዲት ክኒን ይታከማል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሰዎች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ሳይታወቅላቸው ይንገላታሉ። ለምን? ይህን ነው በዚህች ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው።

በመጀመሪያ ዕጢዋ የት እንዳለች እናስታውስ። ወንዶች ላይ ጎልቶ ከሚታየው ማንቁርት ዝቅ ብላ የአየር ቧንቧውን ከፊት ለፊት አቅፋ ትገኛለች። ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመስላለች ይሏታል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ፣ መሃል ላይ ቀጭን ድልድይ። የጤነኛ አዋቂ ዕጢ ክብደት 20 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ከዚህች ትንሽ ነገር የሚመነጨው ሆርሞን ግን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ የቆዳን ልስላሴ፣ የአእምሮን ንቃት ሁሉ ይገዛል።

እንግዲህ የራስና የአንገት ካንሰር ስንል የማንቁርትን፣ የምላስን፣ የጉሮሮን፣ ከአፍንጫ በስተ ኋላ ያለውን የላይኛውን ጉሮሮና የመሳሰሉትን ማለታችን ነው። እነዚህ ካንሰሮች ከቦታቸው ሲወጡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ አንገት ንፍፊቶች ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ጨረሩን የሚያቅደው ለእብጠቱ ብቻ አይደለም፤ አንገቱን ግራና ቀኝ እስከ ትከሻ ሥር ድረስ ይጨምራል። እብጠቱ ያለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከ66 እስከ 70 ግሬይ ይሰጠዋል፤ በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ወደ ሰባት ሳምንት ገደማ። ንጹሕ መስሎ የሚታየው የአንገት ክፍል ደግሞ ለጥንቃቄ ተብሎ 50 ግሬይ አካባቢ ያገኛል። ታይሮይድ የምትኖረው እንግዲህ እዚህ መሃል ነው። ካንሰር የለባትም፤ ማንም አላነጣጠረባትም። ጎረቤት ሆና ነው የምትመታው።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው። የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በኮባልት ማሽን ነው። አሁን ጅማም ጀምራለች፤ አዳዲሶቹ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉ ማሽኖችም ገብተዋል። በቀድሞው አሠራር የአንገቱ የታችኛው ክፍል ከፊት ለፊት በአንድ ሰፊ መስኮት ነው የሚመታው። የአከርካሪ ገመዱንና ማንቁርቱን ለማዳን መሃል ላይ የእርሳስ መከለያ ሊደረግ ይችላል። መከለያው የዕጢዋን ቀጭን ድልድይ ይሸፍን ይሆናል እንጂ ሁለቱ ክንፎች ግራና ቀኝ ወጥተው ነው የሚቀሩት። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «አዲሱ ማሽን ስለመጣ ችግሩ ይቀራል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንደሱ አይደለም። አዲሱ ማሽን ጨረሩን እንደ ልብስ ስፌት ለክቶ መስጠት ይችላል፤ ነገር ግን ዕቅዱን የሚሠራው ባለሙያ ታይሮይዷን በምስሉ ላይ ከብቦ «እዚህ ላይ ቀንስ» ካላለው ማሽኑ በራሱ አይራራላትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ጉዳቱ ለምን ወዲያው አይታይም? ጨረር ሴልን በአብዛኛው የሚገድለው ሴሉ ሊከፈል ሲል ነው። የአፍ ውስጥ ሽፋን ሴሎች በየጊዜው የሚታደሱ ናቸው፤ ስለዚህ ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አፍ ይቆስላል፣ ምግብ ያቃጥላል፣ በሽተኛው አጥሚትና ሾርባ ብቻ ይሆናል ቀለቡ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ግን ያው ፈጥኖ የመታደስ ችሎታቸው ቁስሉን ይጠግነዋል። የታይሮይድ ሴሎች እንዲህ አይደሉም። እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚከፈሉት። ጉዳታቸውን ተሸክመው ለወራት ምንም እንዳልሆነ ሰው ይሠራሉ። በዚህ መሃል ደም የሚያመጡላቸው ጥቃቅን ሥሮች እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ሥጋው በጠባሳ ይተካል፤ ዕጢዋ ትሟሽሻለች። እንግዲህ አፉ ድኖ፣ ቆዳው ተመልሶ፣ ቤተሰቡም «እግዚአብሔር ይመስገን አለፈ» ባለ ጊዜ ነው የእሷ ጉዳይ የሚጀምረው።

ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል? የተለያዩ ጥናቶች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ምክንያቱም የጨረሩ መጠንም፣ ክትትሉም፣ ዓመቱም ይለያያል። ባጠቃላይ አንገታቸው ላይ ጨረር ከተሰጣቸው ሰዎች ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት የታይሮይድ መዳከም ይገጥማቸዋል ቢባል ከእውነት አይርቅም። አብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። በስድስት ወር የሚመጣበትም አለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣበትም አለ። ነገሩ «ይህን ያህል ዓመት አለፈኝና ተገላገልኩ» የሚባልበት አለመሆኑን በደንብ ያሳየው በሌላ ካንሰር ላይ የተሠራ ጥናት ነው። የስታንፎርድ ሐኪሞች በሆጅኪን በሽታ የታከሙ 1,787 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ የታይሮይድ በሽታ የመያዝ ዕድላቸውን በ20 ዓመት 52 በመቶ፣ በ26 ዓመት 67 በመቶ ብለው አስልተውታል። እነዚያ ሰዎች አንገታቸው ላይ ያገኙት ጨረር ለጉሮሮ ካንሰር ከሚሰጠው ያነሰ መሆኑን ልብ በሉ። በአንገት ጨረር ላይ ቀዶ ጥገና ከተጨመረ፣ በተለይ ማንቁርት ሲወጣ የታይሮይዷ ግማሽ አብሮ ከተነሣ፣ አደጋው ይብሳል። ሴቶች፣ ወጣቶችና ዕጢያቸው በተፈጥሮ ትንሽ የሆነ ሰዎችም ይበልጥ ይጋለጣሉ።

የደም ምርመራውን ለመረዳት እኔ ለራሴ የማስብበትን መንገድ ልንገራችሁ። ታይሮይድን በሬ አድርጓት፤ አንጎል ሥር የምትገኘውን ፒቱታሪ የምትባለውን ዕጢ ደግሞ ገበሬ። ገበሬው በሬውን የሚነዳበት ጅራፍ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ሆርሞን ነው። በሬው የሚያርሰው መሬት፣ ማለት የሥራው ውጤት፣ ቲ-ፎር ነው። በሬው ደህና ሲሆን ጅራፉ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል፤ በብዙ ላቦራቶሪዎች መለኪያ ቲ.ኤስ.ኤች. ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። በሬው መድከም ሲጀምር ገበሬው ጅራፉን ያበዛል። በመጀመሪያ በሬው እየተገረፈም ቢሆን የዕለት እርሻውን ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቲ-ፎር ልክ ሆኖ ቲ.ኤስ.ኤች. ብቻ ከፍ ይላል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በሽተኛውም ምንም ላይሰማው ይችላል። ቆይቶ በሬው ይተኛል። ያን ጊዜ ጅራፉ ይጮኻል፣ መሬቱ ግን ጦሙን ያድራል። ቲ.ኤስ.ኤች. በጣም ከፍ፣ ቲ-ፎር ዝቅ ማለት ይህ ነው። ስለዚህም በጨረር ለታከመ ሰው የምንመርጠው ምርመራ ቲ.ኤስ.ኤች. የሆነው በሬው ከመውደቁ በፊት የጅራፉ ድምፅ ስለሚሰማ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ካንሰሩ ከአፍንጫ በስተ ኋላ ከሆነ ጨረሩ ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል ሥር ይጠጋል። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ራሱ ሊታመም ይችላል። ገበሬው ከታመመ ጅራፍ የለም፤ በሬው ደህና ቢሆንም ዝም ብሎ ይቆማል። ቲ.ኤስ.ኤች. ብቻ የላከ ባለሙያ «ልክ ነው» ብሎ በሽተኛውን ይሸኛል፤ መሬቱ ግን አልታረሰም። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ነፃ ቲ-ፎርም አብሮ መላክ አለበት። ሌሎቹም የፒቱታሪ ሆርሞኖች፣ በተለይ ኮርቲሶልን የሚያዘው፣ ጎድለው እንደሆነ መታየት አለባቸው። ኮርቲሶል ጎድሎ ሳለ የታይሮይድ ክኒን ቀድሞ መጀመር ሰውየውን ለከፋ አደጋ ሊጥለው ይችላል።

አሁን ሰዎቹ ለምን ሳይታወቅላቸው ይቀራል ወደሚለው ልሂድ። የታይሮይድ መዳከም ምልክቶችን ሁላችንም ሸምድደናል፦ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የፊት ማበጥ፣ ድባቴ፣ የመርሳት ችግር፣ የክብደት መጨመር። አሁን እነዚህን አንድ በአንድ ጉሮሮው በጨረር የታከመ ሰው ላይ አስቀምጧቸው። ደከመው? ካንሰር ታሞ እንዴት አይደክመው! ሆዱ ደረቀ? ሾርባ ብቻ እየጠጣ ነው። ድምፁ ጎረነነ? ማንቁርቱ ነው የታከመው። ፊቱና አንገቱ አበጠ? ከጨረር በኋላ ከአገጭ ሥር ፈሳሽ መቋጠሩ የተለመደ ነው። አዘነ? ማን አያዝንም። ክብደት ጨመረ? ኧረ እሰይ ነው የሚባለው፤ ከስቶ የነበረ ሰው ነዋ። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ደህና ምክንያት አለው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ምክንያት ያልጠፋለትን ነገር ማንም አይመረምረውም።

ሁለተኛው ምክንያት ስለ እንቅርት ያለን እውቀት ነው። ደጋ አገር ያደገ ሰው እንቅርት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንገት ላይ የተንጠለጠለ እብጠት ነው። በአዮዲን እጥረት የሚመጣ መሆኑንም በሬዲዮና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ሰምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብም ወጥቷል። ስለዚህ «ታይሮይድህ ታሟል» ሲባል ሰው እጁን ወደ አንገቱ ይሰዳል። እብጠት ካጣ አያምንም። በጨረር የተጎዳ አንገት ደግሞ ደርቆ፣ ጠንክሮ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚገኘው። በነገራችን ላይ አዮዲን ያለው ጨው ለዚህ ችግር መድኃኒት አይደለም። ጨው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው ከፈረሰ ጥሬ ዕቃ ማብዛቱ ምን ይሠራል?

በልምምድ ላይ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ሰው ላንሣ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ገደማ የሆነ አናጢ ናቸው። የማንቁርት ካንሰር ነበረባቸው፤ ጨረራቸውን ከጨረሱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ባየኋቸው ቀን ፀሐይዋ ክርር ብላለች፤ እሳቸው በኮት ላይ ጋቢ ደርበዋል። ባለቤታቸው ነበሩ የሚናገሩት። «ካንሰሩ ሄደ አሉን። እሱ ግን አልተመለሰም» አሉኝ። መጋዝ አንሥተው አያውቁም፤ ተኝተው ይውላሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው መልሱ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ጎረቤት «ፈርቶ ነው» ብሏል፤ ሌላው «መንፈስ ነው» ብሏል። ጠበል ሄደው ነበር፤ ብርዱን አልቻሉትም። በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ተቋም ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቱንም ጊዜ «የጨረሩ ድካም ነው፣ ይለቃል» ተብለው ቫይታሚን ይዘው ተመልሰዋል። ወደኛ የመጡት ድምፃቸው ሲብስ ካንሰሩ ተመልሷል ብለው ፈርተው ነው።

«ጋሼ፣ አሁን ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

ትንሽ ቆዩና «ልጄ፣ የሚያመኝ የለም። እንዲያው እንደ ሮጠ ሰው ነው የምሆነው፤ ሳልሮጥ» አሉኝ።

ሐኪሙ ጉሮሯቸውን በመሣሪያ አየ፤ ካንሰር የለም። ይህ መቅደሙ ትክክል ነበር፤ ድምፅ ሲለወጥ መጀመሪያ ካንሰሩ አለመመለሱ ነው የሚረጋገጠው። ከዚያ ሲኒየር ነርሳችን የቁርጭምጭሚታቸውን ጅማት በመዶሻ መታ አድርጋ «እዩ» አለችን። እግራቸው ወደ ታች ረገጥ አለ፤ ሲመለስ ግን እያመነታ፣ ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ነገር በዓይኔ ያየሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው ማለት እችላለሁ። የልብ ምታቸው በደቂቃ 52 ነበር። ቲ.ኤስ.ኤች. ሲመጣ 62 ሆኖ ተገኘ። ባለቤታቸው ውጤቱ ሲነገራቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ይኼ ከዚህ በፊት አይታይም ነበር?» የሚል። መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ሲመጡ ጋቢውን በክንዳቸው አንጠልጥለውት ነበር። ቲ.ኤስ.ኤች. ወርዶ 18 ደርሷል፤ ገና አልተስተካከለም፤ ክኒኑ ተጨመረላቸው። ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው አንድ በርጩማ መጠገናቸውን ነገሩኝ።

ይህን ሰው ያነሣሁት አንባቢ እንዲያዝን አይደለም። ያለ ሕክምና ከዚህ በላይ ቢቆዩ የሚከተለው ቀላል ስላልነበረ ነው። ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ሊቋጠር ይችላል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስል በቶሎ አይድንም። ጨረር ወስደው ኋላ ማንቁርታቸው በሚወጣላቸው ሰዎች ላይ የታይሮይዱ መዳከም ሳይታከም ከቀረ ስፌቱ ለቆ ምራቅ ወደ ቆዳ የሚያፈስ ቀዳዳ የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል። በመጨረሻም ሰውነት እየቀዘቀዘ ራስን ወደ መሳት የሚያደርስ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ባይገጥምም ሲገጥም ገዳይ ነው።

ሕክምናው ግን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከቆዩት አንዱ ነው። ጆርጅ መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1891 ታይሮይዷ ለደከመ አንዲት ሴት ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ሰጣት። ሴትየዋ ድና 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ በግ ማረድ ሳያስፈልግ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል። ለአዋቂ ሰው ሙሉው መጠን በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው። አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን በ25 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨመርላቸዋል፤ ለቆመ ልብ ድንገት ሩጥ አይባልምና። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚለካው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሆርሞኑ ደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በሳምንት ገደማ ስለሆነ በአሥረኛው ቀን መለካት ገንዘብ ማባከን ነው።

እኛ ነርሶች የምንገባው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ በውሃ ነው፤ ከምግብም ከቡናም በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት። «ከምግብ በፊት» ብሎ ማስረዳት ለኛ ሰው አይበቃም፤ ቡናን ምግብ ብሎ የሚቆጥር የለምና። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። የደም ማነስ ኖሮባቸው አይረን የሚወስዱ ወይም ካልሲየም የሚወስዱ ሰዎች በአራት ሰዓት ልዩነት ይውሰዱት። በቱቦ ለሚመገቡትም ክኒኑ ተፈጭቶ በውሃ ሊሰጥ ይችላል፤ ከምግቡ ጋር ግን መቀላቀል የለበትም።

ጾም ሲመጣ ደግሞ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ውሃ አይቀምስም፤ እኛ ሳንጠይቀውም አይነግረንም። ዝም ብሎ ክኒኑን ሁለት ወር ያቆማል። በረመዳንም ያው ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሊተኙ ሲሉ ቢዋጥ በደንብ ይሠራል። ማንም ከሃይማኖቱ ጋር መጣላት የለበትም። ሌላው ሙቀት ነው። ክኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ይጎዳዋል፤ ቆላ አገር የሚኖር ሰው በፌስታል ጠቅልሎ መስኮት ላይ እንዳያስቀምጠው፣ ከነማሸጊያው ጥላ ቦታ እንዲያኖረው መንገር ያስፈልጋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መዳከሙ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ተቃራኒው ይመጣል፤ ጨረሩ ዕጢዋን አቁስሎ የተከማቸው ሆርሞን ሲለቀቅ ለጥቂት ሳምንታት ልብ ይመታል፣ ላብ ያልባል፤ ከዚያ ይበርድና ወደ መዳከሙ ይዞራል። በልጅነታቸው አንገታቸው ላይ ጨረር የተሰጣቸው ሰዎች ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታይሮይድ እባጭ፣ የታይሮይድ ካንሰርም ሊገጥማቸው ስለሚችል አንገታቸው በየጊዜው በእጅ መዳሰስ አለበት። ይህ ሰፊ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጸሐፊ ልተወው።

በውጭ አገር የሚሠራባቸው መመሪያዎች አንገቱ ላይ ጨረር የተሰጠው ሰው ቲ.ኤስ.ኤች. በየ6 እስከ 12 ወሩ እንዲለካ ያዛሉ። እኛ አገር ምርመራው በጤና ጣቢያ ደረጃ ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ሆስፒታል ወይም የግል ላቦራቶሪ መሄድ ይጠይቃል። በሽተኛው ጨረሩን አዲስ አበባ ጨርሶ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ጎጃም ይመለሳል። እዚያ የሚያየው ባለሙያ በእጁ ያለችው የመውጫ ወረቀት ብቻ ናት። እኔ ያየኋቸው ወረቀቶች የካንሰሩን ዓይነት፣ የጨረሩን መጠንና የቀጠሮውን ቀን ይዘዋል፤ ስለ ታይሮይድ የጻፈ አላጋጠመኝም። ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም የምለው። ወረቀቷን በአብዛኛው የምንሞላው፣ ለቤተሰቡም የምናስረዳው እኛው ነን። «አንገት ላይ ጨረር ተሰጥቷል፤ ቲ.ኤስ.ኤች. በየ6 ወሩ ይለካ፤ ድካም ወይም ብርድ ከበዛ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይለካ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ቢለካ ደግሞ ኋላ የሚመጣው ቁጥር ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ይታወቃል። ካንሰሩ ከአፍንጫ በስተ ኋላ ለሆነ ሰው በዚያው መስመር ላይ «ነፃ ቲ-ፎርም ይጨመር» ተብሎ ይጻፍ፤ ከቤተሰቡ አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ተጠርቶም መስመሩ ይነበብለት።